ማሽን ስትገዙ ጋዙንም ጠይቁ

ሐዋሳ ውስጥ ኮልድ ሩም ሊያሠራ የተነሳ ሰው ሦስት ነገር አጥብቆ ይጠይቃል። ዋጋው ስንት ነው? ስንት ኩንታል ይይዛል? መብራት ምን ያህል ይበላል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ውስጡ የሚዞረው ጋዝ ምን ዓይነት ነው? ሻጩም አያነሳውም። ፕሮፎርማው ላይ በደቃቅ ፊደል «አር-404ኤ» ይልና ያልፋል።

እኔ ከአራቱም ይሄኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። በደንብ የተያዘ የማቀዝቀዣ ማሽን 15፣ 20 ዓመት ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ዛሬ ገበያውን የሞሉት ጋዞች እየቀነሱ ይሄዳሉ። ቀኑ ተቆርጧል። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ጋዙ የሚጠፋበት፣ ቢገኝም ዋጋው የማይቀመስበት ጊዜ ይመጣል።

ነገሩ ሐዋሳን በተለይ ይመለከታታል። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ልብስ ይሰፋበታል። ቢራ ይጠመቃል፣ ለስላሳ ይታሸጋል። ከሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣል። የሲዳማ ገጠር አቮካዶ ያመርታል፤ ይርጋለም ላይ ደግሞ የግብርና ምርት የሚያቀነባብር ፓርክ አለ። ከነዚህ መካከል ያለ ጋዝ አንድ ሳምንት የሚሠራ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሲሊንደር የሚመጣው

በዓይን ከሚታየው እንጀምር። ብረታ ብረት ቤት ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ቆመው ታያላችሁ። ኦክስጅንና አሴቲሊን ናቸው። አብረው ሲነዱ እሳታቸው ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ወፍራም ብረት የሚቆረጠው በዚያ ነው። የወተትና የቢራ ጋን፣ ቧንቧውም ጭምር፣ ከስቴንለስ ስለሚሠራ ብየዳው አርጎን ይፈልጋል። አርጎን ከሌለ ብየዳው ይጠቁራል። በጠቆረው ስፍራ ቆሻሻ ይያዛል፣ ባክቴሪያም ይራባል። ስለዚህ የአንድ ወተት ማቀነባበሪያ ንጽህና ገና በያጁ እጅ ላይ እያለ ይወሰናል።

ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና አርጎን ሦስቱም ከአየር ነው የሚወጡት። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። አርጎኑ አንድ በመቶ አይሞላም። ፋብሪካው አየሩን ይጨምቀዋል፣ ፈሳሽ እስኪሆን ድረስም ያቀዘቅዘዋል። ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው። አርጎን 186፣ ኦክስጅን ደግሞ 183 ላይ። በዚህች ትንሽ ልዩነት ነው የሚነጣጠሉት።

ጥሬ ዕቃው በነጻ ነው። የሚያስከፍለው መብራትና ማጓጓዣ ነው። የማጓጓዣው ነገር ደግሞ ያስገርማል። 50 ሊትር የሚይዝ የብረት ሲሊንደር ባዶውን ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በ150 ባር ግፊት ቢሞላ የሚገባበት ኦክስጅን ግን 10 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደር የጫነ አይሱዙ ሐዋሳ ሲገባ ከጫነው አብዛኛው ብረት ነው። ባዶውን ብረት ደግሞ መልሶ ይወስዳል። የትራንስፖርት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ይህ ሂሳብ ይከፋል። ናይትሮጅን በብዛት የሚጠቀም ፋብሪካ ከአየር ለይቶ የሚያወጣ ማሽን ግቢው ውስጥ ቢተክል የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ናይትሮጅን ማን ይጠቀማል? ቡና ቆልቶ የሚያሽግ ሰው አንዱ ነው። የተቆላ ቡና ጠላቱ ኦክስጅን ነው፤ ከረጢቱ ሲታሸግ ናይትሮጅን ከተነፋበት መዓዛው ይቆያል። አቮካዶ ላኪም ይጠቀማል፣ ምናልባት ሳያውቀው። ረጅም የባሕር ጉዞ ከሚጓዙት ባለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች አንዳንዶቹ የውስጡን አየር ይቆጣጠራሉ። ናይትሮጅኑን ከፍ አድርገው ኦክስጅኑን ወደ ጥቂት በመቶ ያወርዱታል። ፍሬው እስትንፋሱ ይቀንሳል፣ መብሰሉም ይዘገያል። ከሲዳማ ተለቅሞ በሞጆና በጅቡቲ አድርጎ አውሮፓ የሚደርስ አቮካዶ መንገድ ላይ የሚጠብቁት ሁለት ጋዞች ናቸው ማለት ነው። አንዱ ዙሪያውን ይከበዋል፣ ሌላው ማሽኑ ውስጥ ይዞራል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የራሱ ወግ አለው። እርሾ 180 ግራም ግሉኮስ ሲበላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ግማሽ ለግማሽ በሉት። ደህና የቢራ ፋብሪካ ይህንን ጋዝ ወደ ሰማይ አይለቅም። ይሰበስበዋል፣ ያጥበዋል፣ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። በኋላ ቢራው ውስጥ ለመጨመርና ቢራውን ከጋኑ ለመግፋት ይጠቀምበታል። የለስላሳ ፋብሪካ ግን እርሾ የለውም። ከቢራ የበለጠ ጋዝ ይፈልጋል፣ በሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም። ስለዚህ ወይ ይገዛል፣ ወይ ነዳጅ አቃጥሎ ከጭሱ ለይቶ ያወጣል። ሁለቱም ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ግብዓት ቢሆን ለከተማውም ለኪሳቸውም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት በአውሮፓ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ለጥገና ሲዘጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠፍቶ ቢራና ለስላሳ አምራቾች ተቸግረው ነበር። ምንጩ አንድ ብቻ ከሆነ እንዲህ ነው የሚሆነው።

«ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ»

የሲሊንደር ጋዝ ቢያንስ ይታያል። ሲያልቅ ሥራ ይቆማል፣ ይገዛል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን ማለቅ የሌለበት ነገር ነው። በዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። አንዱ ጋር ተንኖ ሙቀት ይወስዳል፣ ሌላው ጋር ወደ ፈሳሽ ተመልሶ ሙቀቱን ይለቃል። አይቃጠልም፣ አይበላም። ቀነሰ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው።

ይህ እየታወቀ ብዙ ቦታ የሚደረገው ምንድን ነው? ማሽኑ ማቀዝቀዝ ያቆማል። ባለሙያ ይጠራል። «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ» ይላል። ይሞላል፣ ይከፈላል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና። ቀዳዳው የት እንዳለ ያየ የለም። በሳሙና አረፋ እየቀቡ መገጣጠሚያዎቹን መፈተሽ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ናይትሮጅን ሞልቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ አንድ ሌሊት መጠበቅ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ባለቤቱ ግን ይቸኩላል፤ ዓሳው ወይም ወተቱ እየተበላሸ ነዋ። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ብቅ ያለ ሰው ይህ ችኮላ ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል። ዓሳ ከውሃ ከወጣ በኋላ ያለ በረዶ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ማቀዝቀዣው አንድ ቀን ከቆመ የቀኑ ሥራ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ሐዋሳ ላይ በደንብ የሚታይ ነገር ላንሳ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ማሽን ከተጠገነ በኋላ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። የማሽኑ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። የግፊት መለኪያው (የጌጁ) መርፌ -1 ባር አካባቢ እስኪደርስ ሳቡ ይላል። ሐዋሳ ላይ መርፌው -0.82 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ፓምፑ ጤነኛ ቢሆንም ከዚያ አያልፍም፤ ምክንያቱም ከውጭ ያለው ግፊት ራሱ ያንን ያህል ነው።

ታዲያ ምን ይከተላል? አንዱ ባለሙያ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ይተወዋል። ሌላው መርፌው ስለቆመ ብቻ ጨርሻለሁ ብሎ ጋዝ ይሞላል። ሁለተኛው ይብሳል። ተራ ባለመርፌ ጌጅ የቀረችውን ጥቂት እርጥበት ማሳየት አይችልም። ያቺ እርጥበት ጋዙን ከሚጨምቀው ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ስትገናኝ አሲድ ትሆናለች። አሲዱ የሞተሩን ሽቦ ልባስ ይበላዋል። ኮምፕሬሰሩ በዓመቱ ሲቃጠል «መብራት ነው ያቃጠለው» ይባላል። መድኃኒቱ እስከ 500 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሚያነብ ዲጂታል የቫኪዩም መለኪያ ነው፤ ማይክሮን እጅግ ትንሽ ግፊት የሚለካበት ነው። ይቺ መሣሪያ ከኮምፕሬሰር ጋር ሲተያይ ዋጋዋ ኢምንት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ማሽን የሚነካ ባለሙያ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ብትኖር ምኞቴ ነው።

ከፍታው ኮንደንሰሩንም፣ ጋዙ ሙቀቱን ለቆ ወደ ፈሳሽ የሚመለስበትን ክፍል፣ ይነካል። ስስ አየር ብዙ ሙቀት አይሸከምም። ለዝቅተኛ ቦታ ተሰልቶ የመጣ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር እዚህ ይጠብበዋል፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ እረፍት ይሠራል። ሻጩ ሲያሰላ የከተማዋን ከፍታ እንዲያስገባ መጠየቅ አያስነውርም።

የተቆረጠው ቀን

አሁን ቀኑን ወደቆረጠው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንምጣ። የሞንትሪያል ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1987 የኦዞንን ንጣፍ ለማዳን ተፈረመ። የድሮዎቹን ጋዞች አስወጣ። ቀጥሎ ተራው የአር-22 ሆነ፤ ዛሬም ብዙ አሮጌ ኤሲና ኮልድ ሩም ውስጥ ያለው እሱ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የአር-22 ቤተሰብ የሆኑትን ጋዞች ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2025 በ67.5 በመቶ መቀነስ ነበረባቸው። በ2030 ይቆማል። ከዚያ በኋላ እስከ 2040 ለጥገና የምትፈቀደው በጣም ትንሽ ናት። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ተብሎ አሮጌ የአር-22 ማሽን ከውጭ የሚያስገባ ሰው ዕድሜው ያለቀ ዕቃ እየገዛ ነው።

እሱን የተኩት እነ አር-134ኤ፣ አር-404ኤና አር-410ኤ ናቸው። ኦዞንን አይነኩም። ነገር ግን ምድርን ያሞቃሉ። አንድ ኪሎ አር-404ኤ አየር ላይ ቢለቀቅ የሚያመጣው ሙቀት በ100 ዓመት ስሌት ከ3,922 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የዚሁ ፕሮቶኮል የኪጋሊ ማሻሻያ የመጣው ለዚህ ነው። እኛ ባለንበት የአገሮች ምድብ ፍጆታው ከ2024 ጀምሮ ካለበት ከፍ አይልም። በ2029 በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ በ2035 በ30፣ በ2040 በ50፣ በ2045 በ80 በመቶ። አውሮፓ ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ እስከ 2050 ሙሉ በሙሉ ታቆማለች። የማሽን አምራቾች ፊታቸውን ወዲያ አዙረዋል። መለዋወጫውም አብሮ ይዞራል።

«እኛ ምን ያህል በክለን ነው?» የሚል ጥያቄ አዘውትሮ ይነሳል። እኔም ቅሬታው ይገባኛል። ግን አንድ ሂሳብ አብረን እናስላ። 10 ኪሎ አር-404ኤ የያዘ ኮልድ ሩም ጋዙ ሁሉ ቢያፈስ 39 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ይህ ከ14 ሺህ ሊትር በላይ ናፍጣ ማቃጠል ነው። መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰል የሚያገኙ አገሮች ውስጥ የማቀዝቀዣ ትልቁ ብክለት የሚመጣው ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ነው። እኛ ዘንድ ግን መብራቱ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። እንግዲህ የሐዋሳ ኮልድ ሩም ብክለት ማለት በዋናነት የሚያፈሰው ጋዝ ነው። ሌላው ዓለም ማሽኑን ቢቀይር የሚያገኘውን ውጤት እኛ ቀዳዳ በመድፈን ብቻ አብዛኛውን እናገኘዋለን።

ኪስንም እንዲሁ። ጋዙ በዶላር ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ እያንዳንዷ የፈሰሰች ኪሎ ምን እንደምታወጣ የፋብሪካ ግዢ ክፍሎች ያውቁታል።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ለትልልቅ ፋብሪካ መልሱ አሮጌ ነው፤ አሞኒያ። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽኑን የሠራው ለቢራ ጠማቂዎች ነበር፤ በአሞኒያም አሻሻለው። ያው ሰው በ1895 አየርን ፈሳሽ የሚያደርግበትን መንገድ አወጣ። የኦክስጅን ፋብሪካዎች መነሻ ይህ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው።

አሞኒያ ኦዞንን አይነካም፣ ምድርን አያሞቅም፣ ርካሽ ነው። አንድ ኪሎ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከአር-22 ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። የሞንትሪያል ፕሮቶኮልም አይነካውም። ነገር ግን መርዝ ነው። ሽታው ገና በጥቂቱ አፍንጫ ስለሚሰነጥቅ ያስጠነቅቃል፤ አየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ ከደረሰ ግን ሕይወት ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በካናዳ ፈርኒ ከተማ በአንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ አሞኒያ አፍስሶ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። አሞኒያ ያለው ፋብሪካ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ፣ የመተንፈሻ ጭንብል፣ የንፋስ አቅጣጫ ማሳያና የሠለጠነ ሰው ከሌለው ባይኖረው ይሻላል። ሰፈር ውስጥ ከሆነ ጎረቤቶቹም ማወቅ አለባቸው።

ለመካከለኛ ኮልድ ሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ማቀዝቀዣ ሆኖ መጥቷል። አር-744 ይባላል። ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ከ31 ዲግሪ በላይ ደግሞ ወደ ፈሳሽ መመለስ ስለማይችል በበረሃማ አገር ይቸገራል፣ መብራትም ይበላል። ሐዋሳ ግን ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀኗም ከ31 የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። የአየር ጸባይዋ ለዚህ ቴክኖሎጂ ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች የተሻለ ይመቻል። የሚጎድለው ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለሱቅ ፍሪጅና ለትንንሽ ማቀዝቀዣ ፕሮፔንና አይሶቡታን አሉ። ከማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ዘር ናቸው። ይቀጣጠላሉ፣ ስለዚህ የሚገቡት በትንሽ መጠን ነው። በምንም ዓይነት ለአር-22 በተሠራ አሮጌ ማሽን ውስጥ መሞላት የለባቸውም። «ርካሽ ነው፣ ይሠራል» ብሎ የሚሞላ አይጠፋም። ይሠራል፣ እስኪፈነዳ ድረስ።

ከዚህ የባሰው የተበረዘ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በቬትናምና በብራዚል የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሦስት ባለሙያዎች ሞቱ። በምርመራ የተገኘው አር-134ኤ ተብሎ የተሞላው ጋዝ በሜቲል ክሎራይድ የተበረዘ መሆኑ ነው። ይህ ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው ራሱ የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራል። ባለሙያዎቹ ምንም አላጠፉም። ማሽን ከፈቱ፣ አለቀ። የሲዳማ አቮካዶ የሚጫነው በእንዲህ ያሉ ኮንቴይነሮች ነው። የሲሊንደሩን ቀለም አይቶ ማመንም አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ጋዝ የተለየ ቀለም መቀባቱን የአሜሪካ አምራቾች ማኅበር ራሱ ትቶታል። መታየት ያለበት ጽሑፉ፣ የአምራቹ ማኅተምና የአስመጪው ፈቃድ ነው።

ናይትሮጅንም የዋህ መስሎ ይገድላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በጆርጂያ፣ አሜሪካ፣ በጥር 2021 አንድ የዶሮ ማቀነባበሪያ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አፍስሶ ስድስት ሰው ሞቷል። ከነሱ መካከል ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ። ናይትሮጅን ያለበት ዝግ ክፍል የኦክስጅን መለኪያ ሳይኖረው መከፈት የለበትም።

ውል ላይ የሚጻፈው

ከላይ ያልኩት ሁሉ ወደ ግዢ ውል ይወርዳል። የጋዙ ስም በግልጽ ይጻፍ። ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ይጻፍ። ሻጩ ተክሎ ሲያስረክብ በናይትሮጅን ተፈትሾ ግፊቱ ለ24 ሰዓት እንዳልወረደ በወረቀት ያሳይ። ቫኪዩሙ በዲጂታል መለኪያ ስንት እንደደረሰ ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ የተሞላች ኪሎ ማሽኑ አጠገብ በተሰቀለ ደብተር ላይ ትስፈር። በዓመት ሁለት ጊዜ ከተሞላ ባለቤቱ ማሽኑ እያፈሰሰ መሆኑን ራሱ ያውቃል፤ ማንም አይሸውደውም።

የግድግዳው ፓኔልም አይረሳ። ውስጡ ያለው አረፋ የተነፋው በጋዝ ነው። አር-141ቢ ከሆነ ከአር-22 ጋር አብሮ ከገበያ የሚወጣ ነው፤ ሳይክሎፔንታን ከሆነ ችግር የለም።

ሌላው ሥራ የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። ተማሪው አሮጌ ፍሪጅ ፈትቶ መግጠም ብቻ ተምሮ ከወጣ ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ግር ይለዋል። አንድ ጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን፣ አንድ የናይትሮጅን ሲሊንደር ከነሬጉሌተሩ፣ ሁለት ዲጂታል ቫኪዩም መለኪያና አንድ ለልምምድ የምትሆን ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽን ይበቃሉ። ጋዝ መሰብሰቢያዋ በተለይ ታስፈልጋለች። ዛሬ ማሽን ሲጠገን የቀረው ጋዝ «ፍስስ» ተደርጎ አየር ላይ ይለቀቃል፤ ቢሰበሰብ ግን ተጣርቶ ተመልሶ ይገባል። ወጪውን ፋብሪካዎቹ ተጋርተው ቢችሉት በአንድ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ዋጋ ውስጥ ያልቃል ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቹን ለልምምድ የሚቀበሏቸውም እነሱ ስለሆኑ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ከወዲሁ ያዩታል።